ሠላሳ አንደኛው ፍራሽ

አባ ድሎት የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም፤ ያወጣው ሰው ግን ዋዘኛ መሆን አለበት። ሰውየው ድሎት የሚባል ነገር አጠገባቸው ደርሶ አያውቅም። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ፍራሽ ሲሞሉ፣ ሲሰፉና ሲያድሱ ኖረው፣ እሳቸው የሚተኙት ከብርድ ልብስ ብዙም በማትወፍር ፍራሽ ላይ ነው። «ምናለ ለራስዎም አንድ ደህና ፍራሽ ቢሠሩ?» ሲባሉ «እኔ ደንበኛ ነኝ እንዴ?» ይላሉ።

ፊታቸውም ቢሆን የድሎት ፊት አይደለም። ገዢ ገብቶ «ለስለስ ያለ ነበር የፈለግሁት» ሲል ቀና ብለው ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ ያዩትና «ላንተ ጠንከር ያለ ነው የሚሻልህ» ብለው ወደ መርፌያቸው ይመለሳሉ። አለቀ፣ ክርክር የለም። ሰውየው እየተነጫነጨ ጠንካራውን ተሸክሞ ይሄዳል፤ በወሩ ደግሞ ወንድሙን አስከትሎ ይመጣል።

ቤታቸውና ሱቃቸው አንድ ነው። ከመንገዱ በኩል ባለመስታወት መሸጫ አለ፤ ከኋላው ጥጥ የሚባዘትበትና ፍራሽ የሚሰፋበት ሰፊ ክፍል፤ ከሱ ቀጥሎ ዕቃ ቤቱ፤ መጨረሻ ላይ መኖሪያቸው። ፍራሹ የአባት ሥራ ነው። አንሶላው፣ የትራስ ልብሱና የብርድ ልብስ ሽፋኑ የልጅ ነው። ልጅ ስላችሁ ሕፃን እንዳትመስላችሁ፤ አርባ አንድ ዓመት የሞላት፣ ሰፈሩ ሁሉ ባለአንሶላዋ የሚላት ሴት ናት። ባል አላገባችም። ለምን እንደሆነ የጠየቃት ሰው መልሱን ይዞ ሳይሆን አንድ ጥንድ አንሶላ ገዝቶ ነው የሚወጣው።

አልጋ ማንጠፍን በተመለከተ አባ ድሎት ሕግ አላቸው። ሰው ከእንቅልፉ እንደተነሳ ወዲያው አንጥፎ ከሄደ ላቡን ቀበረ ማለት ነው፤ ይሄ በእሳቸው ዘንድ ከስርቆት አይተናነስም። መጀመሪያ ብርድ ልብሱ ይገለጣል፤ መስኮት ይከፈታል፤ አንሶላው ውጪ ይራገፋል፤ ፍራሹ ይገለበጣል። ከዚያ ፊት ታጥቦ፣ ቁርስ ተበልቶ ነው ማንጠፍ። አንሶላው ሲወጠር ደግሞ በመዳፍ መታ ሲያደርጉት ድምፅ መስጠት አለበት። ድምፅ ያልሰጠውን ስንቴ አስፈትተው አስነጥፈዋት ይሆን! ባለአንሶላዋ በልጅነቷ ትምህርት ቤት ያረፈደችው ሁሉ በዚህ ነው። አስተማሪዋ «ዛሬስ ምን ሆነሽ ነው?» ሲላት «አልጋ ሳነጥፍ» ትላለች፤ ማን ይመናት።

በሽታው የጀመረውም በአልጋ ነው። አንድ ቀን ጠዋት አባ ድሎት አልጋቸውን አነጠፉ፤ ቁርሳቸውን በሉ፤ ተመልሰው ገብተው ገለጡትና እንደገና አነጠፉ። እስከ ምሳ ሰዓት አራት ጊዜ ሆነ። ልጅቷ «ዕድሜ ነው» ብላ አለፈችው። በሌላው ሳምንት ደግሞ መስታወቱ ጋ ለማሳያ የተዘረጋው አልጋ ላይ ፒጃማቸውን ለብሰው ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዷቸው ተገኙ። መንገደኛው ሁሉ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ይስቃል። ከሱቁ ደጃፍ ጥላ ሥር የሚሠራው ጫማ ሰፊ ብቅ ብሎ «እህቴ፣ ማስታወቂያው ግሩም ነው፤ ብቻ ያንኮራፋል» አላት። እሷም ሳቀች። ስቃ ስትጨርስ ግን ብርድ ልብስ አምጥታ ሸፈነቻቸው፤ አባቷ የኮታቸውን ቁልፍ ሳይቆልፉ ሰው ፊት የማይቀርቡ ሰው ነበሩ።

ሐኪም ጋ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ግን ቀና ሰው ነው። አባትየውን ውጪ አስቀምጦ፣ «አእምሯቸው እየደከመ ነው፤ የምሰጥሽ መድኃኒት ትንሽ ያዘገየው እንደሆነ ነው እንጂ አይመልሰውም» አላት። ቀጥሎም «ሥራቸው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃት። ነገረችው። «እንግዲያው እንዳታስቆሚያቸው። እጃቸው የለመደውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚረሱት። እጃቸውን ሥራ ያስፈታሽ ቀን ቶሎ ነው የሚያልቁብሽ» አላት። ይቺን ነገር ይዛ ወጣች። ሌላው የተናገረው ሁሉ መንገድ ላይ ጠፋባት፤ ይቺ ግን ተተክላ ቀረች።

መቼም መከራ ብቻውን መምጣት አይወድም። በዚያው ሰሞን በዘመኗ አይታው የማታውቀው ትእዛዝ መጣላት። ስፖንጅ ፍራሽ ከተማውን ካጥለቀለቀው ወዲህ የጥጥ ፍራሽ የሚያሠራ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበርና፣ ሱቁ ሊዘጋ አንድ ሐሙስ ነበር የቀረው። ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት ደልደል ያለች ሴትዮ ገባች፤ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ኃላፊ ናት። ሠላሳ የጥጥ ፍራሽ ከነአንሶላውና ከነትራሱ ትፈልጋለች።

«ስሚኝ» አለቻት ኃላፊዋ። «አለቆቼ ስፖንጅ ግዢ እያሉ ወጥረው ይዘውኛል። እኔ ግን ያደግሁት ያባትሽ ፍራሽ ላይ ነው፤ ሽንጤን ገትሬ ተከራክሬ ነው ያስፈቀድኩት። ቀኑን ጠብቀሽ ሠላሳውንም ካስረከብሽኝ በየዓመቱ እድሳቱም ያንቺ ነው። አንድ እንኳ ብትጎድል ግን አፌን ያዘጉኛል። ያኔ አትምጪብኝ።»

በየዓመቱ! ባለአንሶላዋ ሌሊቱን በሙሉ ይቺን ቃል ስታገላብጥ አደረች። በየዓመቱ ሠላሳ ፍራሽ ማለት ሱቁ አይዘጋም ማለት ነው። ሱቁ ካልተዘጋ ደግሞ አባቷ ጠዋት ተነስተው የሚገቡበት ቦታ አላቸው። ሁለት ነገር አልነበረም የምትጠብቀው፤ አንድ ነው፣ አባቷ እስከ መጨረሻው ሠራተኛ ሆነው እንዲኖሩ።

አባትየው እጃቸው ስለዘገየ ፍራሾቹን ራሷ ጀመረች። ቀን ትሞላለች፣ ማታ ትሰፋለች፤ ጣቷ በመርፌ ተበሳስቶ አለቀ። አራቱን ጨርሳ ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተኛች። ጠዋት ስትገባ ምን ብታይ ጥሩ ነው? አራቱም ፍራሽ ሆዱ ተዘርግፏል። ጥጡ መሬት ላይ ተቆልሎ፣ አባ ድሎት እጅጌያቸውን ሰብስበው በዱላ እየደበደቡ ይባዝታሉ። ፊታቸው ፈክቷል።

«መጣሽ?» አሏት። «እነዚህ ሰዎች ፍራሹን ምን ሲያደርጉት እንደኖሩ እንጃ፤ ያለ ዕድሜው አርጅቷል። ጥጡ ግን ደህና ነው፤ አዲስ ይመስላል እኮ።»

«አዲስ ነው እኮ አባዬ! ትናንት ነው የሰፋሁት! ለማደሪያው ነው!» ብላ ጮኸች። በሕይወቷ አባቷ ላይ ጮኻ አታውቅም። አባ ድሎት ዱላቸውን አስቀመጡና ጥጡን አዩት፤ እሷን አዩዋት፤ እንደገና ጥጡን አዩ። ቀልባቸው ተገፈፈ። «እድሳት መስሎኝ» አሉ ቀስ ብለው። እንዲህ ያለ ስሕተት ማንም አባት አይሳሳትም፤ ፍራሽ የተደገፈ ካየ ሊታደስ መጣ ብሎ የሚያምን ሰው ብቻ ነው የሚሳሳተው።

ሲደግሙት ግን ምን ታድርግ? በሦስተኛው ቀን ሁለት ፈቱባት። ጫማ ሰፊው «ቆልፊበት፣ ምን ይሉኝ አያስፈልግም» አላት። ቆለፈች። ያለቁትን ፍራሾች ዕቃ ቤት አስገብታ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ረጅሙን የፍራሽ መርፌም ደበቀች። «አባዬ፣ ለጥቂት ቀን ዕረፍ» አለቻቸው።

ዕረፉ ሲሏቸው ያረፉ መሰላችሁ? በመጀመሪያው ቀን መርፌያቸውን ሲፈልጉ ዋሉ፤ አልጋ ሥር ሳይቀር ገቡ። በማግስቱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጣታቸውን ያንቀሳቅሱ ጀመር፤ በሌለ መርፌ የሌለ ፍራሽ ይሰፋሉ። ምግብ አምጥታ ስታስቀምጥ አያዩትም። በሦስተኛው ቀን የኮታቸው ቁልፍ ጠፋባቸው፤ መቆለፍ ጠፋባቸው ማለቴ ነው። ቁልፉን በአንድ እጃቸው፣ ቀዳዳውን በሌላው ይዘው ቆመው ሁለቱ ምን እንደሚያገናኛቸው ያስባሉ። እሷ መጥታ ስትቆልፍላቸው አንገታቸውን ደፉ። ያን ቀን ከሰዓት ደግሞ ተነስተው መጸዳጃ ቤት ሳይደርሱ ቀሩ። ባለአንሶላዋ ሱሪያቸውን ይዛ ጓሮ ወጣችና ውሃውን ከፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሐኪሙ ያለው በሦስት ቀን ደረሰ።

እና ምን ዘየደች? ዕቃ ቤቱ ጥግ አንድ ባለሰማያዊ መስመር ፍራሽ ነበረ፤ ባለቤቱ ካስቀመጠው በኋላ አገር ጥሎ ሄዶ ያልተመለሰበት። ጎትታ አወጣችውና አባቷ ፊት ዘረጋችው። መርፌውንም መለሰችላቸው። «አባዬ፣ ሥራ መጥቷል» አለች። አባ ድሎት ከወንበሩ የተነሱበትን ፍጥነት ብታዩ! ሰባ ስድስት ዓመት የሞላቸው ሰው አይመስሉም።

«ማን ነው የሚተኛበት?» አሉ።

ይህን ሁልጊዜ ይጠይቃሉ፤ የሥራቸው መጀመሪያ ነው። ወፍራም ነው ቀጭን? ጎኑን ያመዋል? ብቻውን ነው የሚተኛው ወይስ ሁለት ናቸው? የሚተኛበትን ሰው ሳያውቁ አንድ ጭብጥ ጥጥ አይጨምሩም። ባለአንሶላዋ ያላሰበችው ነገር ነበርና ትንሽ ተደናገረች። «ዘበኛ ነው» አለች። «ቀኑን ሙሉ ቆሞ ስለሚውል ወገቡን ያመዋል።»

«እንዲያ በይኛ!» ብለው ወገቡ ጋ ጥጥ ጨምረው፣ ስፌቱን እዚያ ላይ አጥብቀው፣ እስከ ማታ ሠሩት። ማታ የበሉት ራት የሁለት ሰው ነው። በማግስቱ ጠዋት ያንኑ ፍራሽ ዘረጋችላቸው። «ሥራ መጥቷል፤ ነፍሰ ጡር ናት፤ በጎኗ ነው የምትተኛው።» እሳቸውም ስፌቱን ፈቱ፤ ጥጡን ባዘቱ፤ ለነፍሰ ጡር በሚሆን መንገድ ሞልተው ሰፉት። የትናንቱን ረስተዋል። ቁልፋቸውንም መቆለፍ ጀመሩ።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ሳምንት ሄደ። አባት በአንድ ክፍል ያንኑ ፍራሽ በየቀኑ ይፈታሉ ይሰፋሉ፤ ልጅ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተቆልፋ የእውነቱን ትሠራለች። ውሸቱም ከቀን ወደ ቀን እየጣማት መጣ፤ ማታ አንሶላ ስትዘመዝም የነገውን ሰው ታስባለች። አዲስ ሙሽሮች፣ ስብራት ያለበት ሹፌር፣ መንታ የምታጠባ እናት፣ በእንቅልፉ የሚወራጭ ነጋዴ፤ ምን ያልፈጠረችው አለ! ጫማ ሰፊው እንኳ አንድ ቀን ገብቶ «እኔ ነኝ ባለፍራሹ፤ ምነው ዘገየ?» ብሎ ሲያኮርፍ፣ አባ ድሎት «አንተ ጫማ፣ ጎባጣ ስለሆንክ ነው ጊዜ የወሰደው» አሉት። ሦስቱም ሳቁ። እንዲህ ዓይነት ሳቅ ከተሳቀ ስንት ጊዜው! ባለአንሶላዋ ግን ሳቁ ሲያልቅ አባቷን ማየት አቃታት፤ በሽተኛ አባቷን አሻንጉሊት ያስያዘች መሰላት። ብትችል ኖሮ ይቅርታ ትጠይቅ ነበር፤ ግን ይቅርታ መጠየቅም ማጋለጥ ነው።

የማስረከቢያው ቀን ደረሰ። ሠላሳው ፍራሽ አልቆ ዕቃ ቤቱን ሞልቶታል፤ መኪናው በስድስት ሰዓት ይመጣል። ባለአንሶላዋ ጠዋት እንደልማዷ ባለሰማያዊ መስመሩን ዘረጋች። «ሥራ መጥቷል አባዬ። መምህርት ናት፤ አንገቷን ያማታል።»

አባ ድሎት ተንበርክከው ሲባጎውን ለመቁረጥ መቀስ አነሱ። አነሱና ቆሙ። ጨርቁን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ጎተቱትና በብርሃን አዩት። ጨርቁ በመርፌ ቀዳዳ ወንፊት ሆኗል። የሚተኙትን ሰዎች በየቀኑ ስትቀያይር፣ የፍራሹን ልብስ መቀየር አንድም ቀን ትዝ አላላትም። አንሶላ ሰፊ ናት፤ የጨርቅ ነገር እሷን ነበር የሚመለከተው።

«ይሄ መስመር ወገቡን ለሚያመው ሰው ነው» አሉ በጣታቸው ቀዳዳውን እየተከተሉ። «ይሄ ለነፍሰ ጡር። እዚህ ጋ ሁለት ሰው ነው የተኛበት። ይሄ መንታ የምታጠባ ናት፤ ጠርዙን ከፍ አድርጌዋለሁ። ሁሉም የኔ እጅ ነው። ደግሞ ሲባጎው የተቀባው ሰም ገና አልለቀቀም።» ቀና አሉ። «አንድ ፍራሽ ላይ ይሄ ሁሉ ሰው ይተኛል እንዴ?»

ባለአንሶላዋ ፍራሹን ወደ ራሷ ሳበችው። «አባዬ፣ የድሮ ደንበኛ ስለሆነ…»

«የለም። ትናንት ነው የሰፋሁት።»

አባ ድሎት ብድግ አሉ። ጉልበታቸው ላይ የተጣበቀውን ጥጥ አራገፉ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙት። «እመቤት» አሉ። ባለአንሶላዋ ሰው የገባ መስሏት ወደ በሩ ዞር አለች። ማንም የለም።

«እመቤት፣ ሊያሰናብቱኝ ነው?» አሉ፤ የሚያዩት እሷን ነው።

«አባዬ! እኔ እኮ ነኝ!»

«አውቃለሁ፣ የሱቁ ባለቤት እርስዎ ነዎት። ቅር አይበልዎትና፣ እኔ በእጄ ያለፈ ነገር አልስትም። የውሸት ሥራ ሲሰጡኝ ከርመዋል። ሠራተኛ እንዲህ የሚደረገው ሊባረር ሲል ነው። ፊት ለፊት መናገሩን አፍረው ነው እንጂ ጨዋ ሰው መሆንዎን አይቻለሁ።» ኮፍያቸውን በጣታቸው ያዞሩታል። «እንደዘገየሁ ይገባኛል። አንዳንድ ነገርም ይጠፋብኛል። ደሞዜን ይቀንሱት፤ ግማሹ ይበቃኛል። ብቻ አያስወጡኝ። ልጅ አለችኝ።»

ወንበር ሳበችላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ በቅርቡ ነው የሞተችብን፤ ከኔ በስተቀር ማንም የላትም። ቀን ቀን ደህና ናት፤ አልጋዋን ታነጥፋለች፣ ትምህርቷን ትማራለች። ማታ ነው የሚብስባት። እኔ እንዳልሰማት ትራሱን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታለቅሳለች። እኔም ያልሰማሁ እመስላለሁ፤ ምን ልበላት? ለልጅ ምን ይባላል? አላውቅበትም። ትምህርት ቤት ስትሄድ ግን ትራሷን ፈትቼ ጥጡን አደርቅላታለሁ። እርጥብ ነገር ላይ እንዳትተኛ።»

ያን ልቅሶ ባለአንሶላዋ ለሰው ተናግራው አታውቅም። እናቷ የሞተች ጊዜ አባቷ አንዲት የማጽናኛ ቃል አልተነፈሱላትም፤ በቀብሩ ማግስት ቀስቅሰው አልጋ ነው ያስነጠፏት። ከሠላሳ ዓመት በላይ «አባቴ አንጀት የለውም» ብላ ይዛባቸው ኖራለች። ስትጦራቸውም፣ ቁልፋቸውን ስትቆልፍላቸውም፣ ከውስጧ አንድ ቦታ ላይ ይቺ ቂም ነበረች። አሁን ትራሷ ማታ ማታ ለምን ደረቅ ሆኖ ይቆያት እንደነበር ገባት።

«አላሰናብትም» አለች። «ማንም አያሰናብትህም።»

አባ ድሎት ጎንበስ ብለው እጅ ነሷት። አባቷ! ዝቅ አሉና ግንባራቸው ጉልበቷ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ተሯሩጣ ትከሻቸውን ይዛ አቃናቻቸው። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። «እንግዲያው የእውነት ሥራ ይስጡኝ።»

የእውነት ሥራ። ዓይኗን ቤቱ ውስጥ አንከራተተች። የሳቸው ፍራሽ አለ፣ የሷም አለ፣ የማሳያው አልጋም አለ፤ ሁሉም የሳቸው እጅ ነው፤ ገና ሲነኩት ያውቁታል። በዚህ ቤት አባ ድሎት ያልሰፉት ፍራሽ ሠላሳዎቹ ብቻ ናቸው። ሰዓቱን አየች፤ አምስት ተኩል ሆኗል። አባቷ ኮፍያቸውን እንደያዙ ቆመው ይጠብቃሉ። ከአንገቷ ላይ ቁልፉን አወለቀችና ዕቃ ቤቱን ከፈተች። ከክምሩ ላይ አንዱን ጎትታ አውርዳ ፊታቸው ዘረጋችው።

«ማን ነው የሚተኛበት?»

«ተማሪ ናት» አለች። «እናት የላትም።» ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ውሸትም አልነበረም፤ ከሠላሳ ልጅ መካከል እናት የሌላት አትጠፋም።

አባ ድሎት ተንበርክከው ስፌቱን አዩት። ከንፈራቸውን አጣመሙ። «ይሄን የሰፋው ሰው እጁ ገና ነው» አሉ። «ያስተማረው ግን ሥራ ያውቃል።» መቀሱን አስገቡና ሲባጎውን ከዳር እስከ ዳር ፈቱት።

በስድስት ሰዓት መኪናው መጣ። ጫማ ሰፊው ሥራውን ትቶ አብሮ አስጫነ። ሹፌሩ ሲጨርስ «ሃያ ዘጠኝ ነው እኮ፤ አንዱስ?» አላት። «ይኸው ነው፤ ሂድ» አለችው። ጫማ ሰፊው በበሩ አሻግሮ ከተዘረገፈው ጥጥ መሀል የተንበረከኩትን ሽማግሌ አየ። በሩን ቀስ ብሎ ገርበብ አድርጎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ኃላፊዋ የደወለችው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። «አንድ ጎድሏል አሉኝ» አለች።

«ጎድሏል።»

«ነግሬሽ አልነበር? ምነው እንዲህ ታደርጊኛለሽ? አለቆቼ ፊት አዋረድሽኝ።» ቀጥላም፣ «እንግዲህ ከእጄ ወጣ። ከከርሞ ጀምሮ ስፖንጅ ነው የሚገዙት።»

«ገባኝ፤ ስለሁሉም አመሰግናለሁ» አለችና ዘጋችው። ቅሬታም አልተሰማት፤ ኃላፊዋ እውነቷን ነው። ሱቁ ግን በዚያች ደቂቃ ተዘጋ ማለት ይቻላል፤ የቀረው በሩን መጎተት ብቻ ነው።

አመሻሹ ላይ አባ ድሎት የመጨረሻውን ቋጠሮ አጥብቀው ፍራሹን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ለስላሳ ነው፤ በሕይወታቸው ለማንም እንዲህ አለስልሰው ሠርተው አያውቁም። ኮታቸውን ለበሱ። ቁልፉን ከላይ እስከ ታች ራሳቸው ቆለፉት። ዛሬ የሠሩት ሥራ አኩርቷቸዋል፤ ፊታቸው ላይ ይታያል። የዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ነው።

በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉና «እመቤት፣ ነገም በጠዋት ልግባ?» ብለው ጠየቋት።

«ግባ» አለቻቸው።

ነገ የምትሰጣቸው፣ እጃቸው ያልነካው ፍራሽ ግን አልነበራትም።